የአድማጭ ዕዳ

ሰው ከሰው ለተቀበለው ነገር ሁሉ ዕዳ እንዳለበት የሚጠራጠር የለም። እህል የተበደረ እህል ይመልሳል፤ ገንዘብ የተበደረ ገንዘብ ይከፍላል፤ ፊደል ያስቆጠሩትን መምህር በመንገድ ያገኘ ሰው ቆሞ እጅ ይነሣል፤ በኀዘኑ ቀን የደረሰለትን ጎረቤት እርሱም በተራው በኀዘኑ ቀን ይደርስለታል። ነገር ግን አንድ ሰው በድምፁ ደስ ቢያሰኘን፣ ወይም ለማንም ያልነገርነውን የልባችንን ነገር በዜማ ቢገልጽልን፣ ለዚህ ምን እንደምንመልስለት አስበንበት አናውቅም። የመግቢያ ዋጋ ካለ እንከፍላለን፤ ከሌለ አጨብጭበን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ዛሬ ደግሞ ድምፁ በእጅ ስልካችን ውስጥ ስለሚገኝ ጭብጨባውም ቀርቷል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አድማጭ ለዘፋኙ ዕዳ አለበትን? ካለበትስ በምን ይከፈላል?

ጥያቄው ለአንዳንዱ አንባቢ የሥራ ፈት ጥያቄ መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳቦና ጤና፣ ትምህርትና መንገድ ገና ያልተሟሉለት ሰው ስለ ዘፋኝ መብት የሚጨነቅበት ጊዜ ከየት ያገኛል ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን የአንድ ሕዝብ ጠባይ የሚታወቀው የሚፈራቸውን ሰዎች በማክበሩ አይደለም፤ የሚፈራውንማ ማንም ያከብራል። ጠባዩ በይበልጥ የሚታወቀው የሚያስደስቱትንና ሊጎዱት የማይችሉትን ሰዎች በሚይዝበት አያያዝ ነው። በዚህ ሚዛን ብንመዘን ምን ያህል እንደምንደፋ ለማወቅ ከአዝማሪ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

«ዘመረ» የሚለው የግእዝ ግሥ በዜማ አመሰገነ ማለት ነው። ከዚሁ ግሥ መዝሙርና መዘምር የተባሉት የተከበሩ ቃላት ወጥተዋል። አዝማሪ የሚለውም ቃል የእነዚሁ ወንድም ነው። ነገር ግን ከወንድማማቾቹ አንዱ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ሌላው በጠጅ ቤት በር ቀረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ልጁን ሊሰድብ የፈለገ አባት «አዝማሪ!» ይለዋል። የአዝማሪው መሣሪያ ማሲንቆ ነው፤ በአራት ማዕዘን የተሠራች በቆዳ የተለበጠች ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደች አንዲት አውታር፣ እንዲሁም በፈረስ ጭራ የተወጠረ አንድ ደጋን። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር፤ ባለሙያዎቹም እርስ በርሳቸው የሚጋቡ፣ ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው የሚስጥር አነጋገር ያላቸው ነበሩ። ይህ የሚስጥር አነጋገር የሙያ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመገለላቸውም ምልክት ሳይሆን አይቀርም፤ ከሰው ጋር በእኩልነት ተቀምጦ የማይበላ ሰው ከመሰሎቹ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ ለብቻው ያበጃልና።

ይህ የተናቀ ሰው ግን የተከበሩት ሰዎች የማይችሉትን ይችል ነበር። መኳንንቱ በጌታቸው ፊት ሊናገሩት የሚፈሩትን ነገር አዝማሪው በሰም ጠቅልሎ ወርቁን ያቀብለዋል፤ ጌታውም ቢቆጣ «እኔ የተናገርሁት ስለ ፈረሱ ነው» ብሎ ያመልጣል። ከሠራዊት ጋር ዘምቶ ፈሪውን ያሳፍራል፤ ጀግናውን ያወድሳል፤ ከአገር አገር እየዞረ ወሬ ያደርሳል። የግጥም ኃይል ምን ያህል እንደሆነ እኛ ብንዘነጋው ጠላት አልዘነጋውም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በተከታዩ ወር፣ ያው ግራዚያኒ በከተማይቱና በአካባቢዋ የሚገኙ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ከአዝማሪዎች ጋር ተይዘው እንዲጠፉ አዝዟል። መትረየስና አውሮፕላን ያለው መንግሥት አንዲት አውታር ካላት ሳጥን የሚፈራው ነገር ነበረው ማለት ነው። እኛ ግን የጠላትን ያህል እንኳ አዝማሪውን ከቁም ነገር ሳንቆጥረው ኖርን።

አሁን አንድ ነገር እናስተውል። በቀድሞው ዘመን መንገደኛው አዝማሪው ነበር። አድማጩ በቤቱ ይቀመጣል፤ አዝማሪው ግን ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከሠርግ ዳስ ወደ ሠርግ ዳስ፣ ከጌታ ደጅ ወደ ጌታ ደጅ ይሄዳል። ሰው የማን የበላይ፣ የማን የበታች እንደሆነ የሚታወቀው ማን ወደ ማን እንደሚሄድ በማየት ስለሆነ፣ የአዝማሪው ዝቅተኛነት በእግሩ ላይ ተጽፎ ነበር ለማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዘመን መጣ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በአዲስ አበባ ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ዘፋኙ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆመ፤ ሚኒስትሩም ጸሐፊውም ትኬት ገዝተው ከበታቹ ተደርድረው ተቀመጡ። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ማሲንቆ ከክራርና ከዋሽንት ጋር በመምህር የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። መንገደኛው አሁን አድማጩ ሆነ። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ በአገራችን ታሪክ ሰው ዘፋኝን ለመስማት ከቤቱ ተነሥቶ መሄድና ተራውን ጠብቆ መግባት የተማረበት ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ዘመን ከሁለተኛው ጋር ጎን ለጎን አደገ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ አምኃ እሸቴ የዘመኑን ዘፋኞች በራሱ ስም በሸክላ ማሳተም ጀመረ። ከሸክላ በኋላ ካሴት፣ ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ፤ አሁን ድምፁ ከስልክ ወደ ስልክ በአየር ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ አዝማሪው ወደ አድማጩ አይሄድም፤ አድማጩም ወደ አዝማሪው አይሄድም። ድምፁ ብቻውን ይጓዛል። ይህ ትልቅ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም፤ የነጋድራስ ተሰማን ድምፅ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመስማት የቻልነው በሸክላው ምክንያት ነው። ሆኖም በረከቱ አንድ ጥያቄ አስከትሏል። ድምፁ ከሰውየው ተለይቶ በቤታችን ካለ፣ ሰውየው ራሱ ለምን ያስፈልገናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ የማውቃቸውን የአንድ ባልና ሚስት ነገር ልናገር። ባልየው በባሕር ዳር መምህር ነው፤ ሚስቱ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራለች። ከተጋቡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ሦስት ልጆች አሏቸው። ሁለቱም አንድ አዝማሪ ይወድዳሉ። ይህ ሰው በቴሌቪዥን የሚታይ፣ ስሙ በየጋዜጣው የሚጠራ አይደለም፤ በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ ጠጅ ቤት የሚዘፍን ሰው ነው። አንድ ወዳጃቸው ከዓመታት በፊት በሠርጉ ቀን የቀዳውን ድምፅ ሰጥቷቸው፣ ምሽት ምሽት ልጆቹ ሲተኙ እርሱን ይሰማሉ። በ2010 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በነበረው ሳምንት ቅዳሜ ቀን፣ ሰውየውን በዓይናችን አይተን አድረን እንምጣ ብለው ተነሡ።

ልጆቹን እንዲጠብቁላቸው የተለመኑት የሚስቲቱ እናት ነገሩ አልገባቸውም። «ለአዝማሪ ብላችሁ አገር ታቋርጣላችሁ? ልጄ፣ አዝማሪ ይመጣል እንጂ ይኬድለታል እንዴ?» አሉ። አሮጊቷ ይህን ሲናገሩ ክፋት አልነበረባቸውም፤ ከላይ የጠቀስነውን የመጀመሪያውን ዘመን ሕግ በአጭር ቃል ማስታወሳቸው ነበር። የባልየው የሥራ ባልደረባ ደግሞ የሦስተኛውን ዘመን ሕግ ጠቀሰ፤ «ድምፁ በስልክህ ውስጥ አለ፤ ለመኪናና ለአልጋ የምታወጣው ገንዘብ ለልጆችህ ደብተር አይሆንም ነበር?» አለው። ባልና ሚስቱ ለሁለቱም የሚበቃ መልስ አልነበራቸውም። ቢሆንም ሄዱ።

መንገዱ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ወጥቶ ዐባይን በድልድይ ከተሻገረ በኋላ በሐሙሲት አልፎ ወደ ወረታ ይደርሳል። በዚያ የፎገራ ሜዳ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ይታያል፤ የሩዝ ማሳውና የታወቀው የፎገራ ከብት የሚገኝበት አገር ነው። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሰሜን ወደ ጎንደር ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ እየወጣ በስተመጨረሻ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ወደ ደብረ ታቦር ያደርሳል። በአቅራቢያዋ ጋፋት አለ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። መምህሩ በመንገድ ሳለ ስለ ጋፋት ለሚስቱ ሲያስረዳ እንደነበር ነግሮኛል። ንጉሡ በእጁ የሚሠራውን ሰው የቱን ያህል ይፈልጉት እንደነበር፣ ሕዝቡ ግን አንጥረኛውንና ሸማኔውን ሸክላ ሠሪውንም እንዴት ይንቅ እንደነበር አጫወታት። እርስዋ ብዙ አልመለሰችም፤ በመስኮት እየተመለከተች ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። እንቅልፍ የያዛት መስሎት ዝም አለ።

ከተማይቱ ደርሰው አልጋ ያዙ፤ ወደ ማታም ወደ ጠጅ ቤቱ ገቡ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ጠጁ በብርሌ ይቀዳል፤ ከፊት ያሉትን ወንበሮች ከሠርግ የመጡ ነጋዴዎች ይዘዋቸዋል። አዝማሪው ሲነሣ ሁለቱም ደነገጡ። በስልካቸው ውስጥ ያለው ሰው ድምፀ ወጣት ነበር፤ ይህ ግን ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ወሩ የሠርግ ወር ስለሆነ በየዳሱ ሲዘፍን ሰንብቶ ድምፁ ሻክሯል፤ በየመካከሉም ፊቱን መለስ እያደረገ ያስላል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ያህል የዘፈነው ለነጋዴዎቹ ብቻ ነበር። መምህሩ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ቤታችን የተውነው ይሻል ነበር» አላት።

ባልደረባው የተናገረው እውነት ሆነ ማለት ነው? ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እንደዚያ ይመስል ነበር። በአዝማሪ ቤት ግን አንድ ልማድ አለ። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ማሲንቆውን እየመታ በሰው መካከል ሲዘዋወር አዝማሪው ወደ እነርሱ ደርሶ ስማቸውንና የመጡበትን አገር ጠየቀ። ያን ጊዜ በሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሚስት «ተቀበል!» አለች። በመኪና ውስጥ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ የነበረው ግጥም ስትገጥም ኖሯል። ግጥሙ ሰሙ ሲታይ ስለ ባሕር ዳርና ስለ ደብረ ታቦር መራራቅ የሚናገር ነበር፤ ወርቁ ግን በአንድ ጣራ ሥር አድረው ስለሚራራቁ ሁለት ሰዎች ነበር። አዝማሪው ወርቁን ወዲያው አገኘው። የነጋዴዎቹን ጨዋታ ትቶ፣ ማሲንቆውን አቀዝቅዞ፣ ግጥሙን ሁለት ጊዜ መላልሶ ዘፈነው፤ በሁለተኛው ጊዜ ዓይኑን ከመምህሩ ላይ አላነሣም። መምህሩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያም ሳቁን አቆመ።

ይህን ያጫወተኝ መምህሩ ራሱ ነው። «ይህንኑ ነገር በቤታችን ብትነግረኝ ኖሮ ክርክር እጀምር ነበር፤ በማሲንቆ ሲመጣብኝ ግን መልስ አልነበረኝም» አለኝ። እኔም የአድማጭ ዕዳ ምን እንደሆነ ማሰብ የጀመርሁት ከዚህ ቃል በኋላ ነው።

በብዙ ቤት እንደሚታየው፣ ባልና ሚስት ከተጋቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደሚሠሩ ሁለት ሹሞች ይሆናሉ። የሚነጋገሩት ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዱቄት፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ነገሩ ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተላልፉት መልእክት ሁሉ የሥራ ስለሆነ፣ ሌላ ዓይነት ቃል ለመናገር ሲፈልጉ መንገዱ ሣር በቅሎበት ይገኛል። በሽማግሌ ፊት የሚቀርበው ጉዳይ ደግሞ ጠብ መሆን አለበት፤ እነዚህ ሰዎች ግን አልተጣሉም። ጠብ ሳይሆን ዝምታ በመካከላቸው ሲገባ የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። ያን ሌሊት ማሲንቆ የያዘው ሰው በማያውቃቸው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ የሽማግሌን ሥራ ሠራ። ስልኩ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። ስልኩ የሰውየውን ጥሩ ዘመን ድምፅ ሳያስል፣ ሳይደክም መቶ ጊዜ ያሰማል፤ ነገር ግን «ተቀበል» ቢሉት አይቀበልም። የተቀዳ ድምፅ ይሰጣል እንጂ አይቀበልም፤ ሰው ግን ሰው የሚሆነው በሁለቱም ነው።

እንግዲህ የባልደረባው ክርክር የጎደለው ነገር ይህ ነው። ባልና ሚስቱ የሄዱት ቀድሞ ያላቸውን ነገር ዳግመኛ ለመግዛት ቢሆን ኖሮ ገንዘባቸውን አባክነዋል። የሄዱት ግን አንድ ሰውን ለማየት ነው፤ የሰው ነገር ደግሞ ከቀረቡት በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይታወቅም። ቁጠባ መልካም ነገር ነው፤ ለልጅ ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ በጠጅ የሚያጠፋ አባት በማንኛውም ዳኛ ፊት ይፈረድበታል። ዳሩ ግን ልጅ ከደብተር በተጨማሪ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ አባትና እናት ያስፈልጉታል። የሁለቱን ዋጋ በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚችል ካለ ይምጣና ይመዝን። ደግሞ የጠጅ ቤቱ ነገር የሚያሳስበው ሰው ቢኖር ተገቢ ነው፤ መጠኑን ያላወቀ ሰው ከማሲንቆው ቤት ይልቅ ብርሌውን ይዞ ይወጣል። ነገር ግን የቤቱ ጥፋት የሙያው ጥፋት አይደለም፤ ለሙያው ሌላ ቤት ሳንሠራለት በጠጅ ቤት ተገኘ ብለን ልንወቅሰው አይገባንም።

በዚያው ሌሊት የሆነ ሌላ ነገር አለ። ዘፈኑ ሲያበቃ መምህሩ ሊሸልም ተነሣ። ነጋዴዎቹ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጥፉ አይቷል፤ ይህ አደራረግ ለተማረ ሰው የማይገባ፣ የሙያተኛውንም ክብር የሚነካ ስለመሰለው ብሩን አጣጥፎ በስውር በእጁ ሊያስይዘው ሞከረ። አዝማሪው እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበና «ጌታው፣ ግንባሬ ምን አደረገዎት?» አለው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መምህሩም አፍሮ ብሩን በግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል። እኛ የተማርን ሰዎች አዝማሪውን ያከበርነው እየመሰለን በሌላ መንገድ እንንቀዋለን። በስውር የሚሰጥ ገንዘብ ምጽዋት ነው፤ በግንባር ላይ የሚለጠፍ ግን ሰው ሁሉ እያየው የሚሰጥ ምስክርነት ነው። ለአዝማሪው የሚያሳፍረው ግንባሩ ላይ መለጠፉ ሳይሆን ሰጪው በመስጠቱ ማፈሩ ነበር። እርግጥ ነው፣ የድሮው ጌታ ሽልማት ሌላ ነገር ነበረበት፤ ጌታው የሚሰጠው ውዳሴውን ለመግዛት ነው፤ አዝማሪውም ካላወደሰ እራት አያገኝም። መቶ ኪሎ ሜትር በሕዝብ መኪና ተጉዞ የመጣ መምህር ግን ውዳሴ ሊገዛ አይችልም፤ አቅሙም የለው፤ ሐሳቡም አይደለም። ስለዚህ የእርሱ ሽልማት ከዕዳው ላይ ጥቂቷን መክፈል ብቻ ነው። የቀረውን የከፈለው በእግሩ ነው። «አዝማሪ ይመጣል እንጂ ይኬድለታል እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎን፣ ይኬድለታል» የሚል ሆነ ማለት ነው። አሮጊቷም በነጋታው ማታ ልጃቸው ስትመለስ የጠየቋት የመጀመሪያ ነገር አዝማሪው ምን እንዳለ ነበር። ልጅቱም ስለ እናትዋ ጤንነት አንድ ግጥም አሰጥታ ኖሮ ይህንኑ ስትነግራቸው «ስሜን አጥርቶ ጠራው?» አሉ። አጥርቶ መጥራቱን ሦስት ጊዜ እንድትደግምላቸው አድርገዋል።

የአዝማሪው መሸበትና መሳል ባልና ሚስቱን አስደንግጧቸው እንደነበር ተናግሬአለሁ። ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። የተቀዳ ድምፅ አያረጅም፤ ስለዚህም ዘፋኙ የማያረጅና የማይታመም፣ ኪራይም የማይከፍል ሰው እንደሆነ እናስባለን። በድምፁ እየተደሰትን ሰውየው በምን እንደሚኖር አንጠይቅም። ከዚያ አንድ ቀን የሞቱን ወሬ እንሰማለን፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እንነሣለን። እኛ የቀብር ሥርዐት የምናውቅ ሕዝብ ነን። ጥላሁን ገሠሠ በሚያዝያ ወር 2001 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ በአደባባይና በመንገድ ሞልቶ ወጥቶ አለቀሰ፤ ቀብሩም በመንግሥት ሥርዐት ተፈጸመ። ይህ ለእርሱ የሚገባ ክብር ነው። ጥላሁን ግን በሕይወቱ ሳለ የስኳር በሽታ አንድ እግሩን ካሳጣው በኋላ እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በሕዝብ ፊት ዘፍኗል። ያን ጊዜ ሄዶ የሰማው ሰው የከፈለው ዕዳና በቀብሩ ቀን የወጣው ሰው የከፈለው ዕዳ አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ተከፋዩ ራሱ ተቀብሎታል፤ ሁለተኛውን የተቀበልነው እኛው ነን፤ ማልቀስ የሚያቀልለው የአልቃሹን ልብ ነውና።

ጥላሁን ስሙ የገነነ ስለነበረ ቢያንስ የሚያለቅስለት አላጣም። በየትንሹ ከተማ ያሉት ግን፣ ከሰፈራቸው አልፎ ስማቸው የማይታወቀው፣ ድምፃቸው በማን እንደተቀዳ ሳይታወቅ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው፣ እነርሱ ያለ ምስክር ይኖራሉ፤ ያለ ምስክርም ያልፋሉ። አንድ አዝማሪ ሲሞት በልቡ የያዘው ግጥም፣ ከአባቱ የተማረው ዜማ፣ የአካባቢው ሰው የሦስት ትውልድ ወሬ አብሮት ይቀበራል። ይህን ሀብት በመቅዳት ማዳን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ መቅዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን የሚሰማው ሰው ያጣ አዝማሪ ልጁን ማሲንቆ አያስተምርም። ሙያን የሚያኖረው አድማጭ ነው።

ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁሉ ተነሥተን የአድማጭ ዕዳ ሦስት ክፍል አለው ለማለት እንችላለን። የመጀመሪያው መሄድ ነው። ለሁሉም ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዝ ማለት አይደለም፤ ለብዙዎቻችን የምንሄድበት ቦታ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው። ነገር ግን አሥር ደቂቃም ቢሆን መነሣት ያስፈልገዋል። ሁለተኛው መስጠት ነው፤ ብር ብቻ ሳይሆን ግጥም፣ ጆሮ፣ ጥያቄ፣ ስምን ማወቅ። አፉን ይዞ የሚያዳምጥ ሰው ዕዳውን ግማሽ ብቻ ከፍሏል፤ የአገራችን ዜማ አድማጩን ግማሽ ገጣሚ አድርጎ የተሠራ ነውና።

ሦስተኛው ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች በይበልጥ የሚመለከት ነው፤ እርሱም የሙያውን ስም ማጽዳት ነው። መምህራን በክፍላቸው ውስጥ አዝማሪ የሚለው ቃል ለስድብ ሲነገር ቢሰሙ እንደ ማንኛውም ስድብ ይቁጠሩት፤ ቃሉም ከየት እንደመጣ ለተማሪው ያስረዱት። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም በአንደበታችን ላይ ገና ሙሉ በሙሉ አልጸናም። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ሹማምንትም የበዓል ዝግጅት ሲያደርጉ አንድ ነገር ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ተጋባዡ ሁሉ በልቶ ከተነሣ በኋላ፣ የቀረው ወጥ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በጓዳ በኩል የሚበላ ሰው አለ፤ እርሱም ከጠዋት ጀምሮ ሲዘፍን የዋለው ሰው ነው። ይህን ለማረም ደንብም በጀትም አያስፈልግም፤ አንድ ወንበር ወደ ማዕዱ መጨመር ይበቃል።

ተማሪዎች ደግሞ ድምፅን ከሰው ነጥሎ በእጅ መያዝ በሚቻልበት ዘመን የተወለዱ ናቸውና ለእነርሱ ይህን ማለት እወድዳለሁ። የምትወዱት ድምፅ ባለቤት አለው። ባለቤቱ የሆነ ከተማ ውስጥ ይኖራል፤ ይደክማል፤ ያስላል፤ የሚሰማው ሰው ሲመጣ ደስ ይለዋል። አንድ ቀን ገንዘብና ጊዜ አብቃቅታችሁ፣ ከምትወዱት ሰው ጋር ሆናችሁ፣ በቆመበት ስፍራ ሄዳችሁ ብትሰሙት ከስልካችሁ የሰማችሁትን ያህል የጠራ ድምፅ ላታገኙ ትችላላችሁ። ነገር ግን እናንተ መምጣታችሁን እርሱ ያውቃል፤ አብሯችሁ የሄደውም ሰው አብሮ መስማቱን አይረሳውም። ደብረ ታቦር አድረው የተመለሱት ባልና ሚስት ዛሬም የዚያችን ሌሊት ግጥም በሰው ፊት አይናገሩትም፤ ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ቃል ሲጀምር ሌላው ይጨርሰዋል። እንዲህ ያለው ቃል ላላቸው ቤተ ሰቦች ለቃሉ መንገድ የከፈተላቸውን ሰው በክብር መያዝ ትልቅ ነገር አይመስለኝም፤ ዕዳን መክፈል ብቻ ነው።